ሰባራ ድልድይ አይቃጠልም

ሞጣ የሚኖሩት አጎቴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የምጽፈውን የሚያነቡት በጆሯቸው ነው። አንድ ጊዜ ለፋሲካ ሄጄ አንድ አጭር ልቦለዴን አነበብኩላቸው። ባለታሪኩ ከወንድሞቹ ጋር በመሬት ተጣልቶ ወደ አዲስ አበባ ይሰደዳል። እዚያ ላይ «ድልድዩን ሁሉ አቃጥሎ ሄደ» ብዬ ጽፌ ነበር። ኮርቼበትም ነበር።

«ቆይማ ልጄ» አሉኝ። «የምን ድልድይ ነው የሚቃጠለው?»

«አባባል ነው ጋሼ። ላይመለስ ቆርጦ ሄደ ለማለት ነው።»

«ድልድይማ ድንጋይ ነው። ይሰበራል እንጂ ምን ሁኖ ይቃጠላል?» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «የፈረንጅ ነው አይደል?» አሉ።

የፈረንጅ ነው። ወንዝ የተሻገረ ሠራዊት ለማፈግፈግ እንዳያስብ ከኋላው ያለውን ድልድይ ሲያቃጥል ከሚታይ የጦር ሜዳ ምስል የወጣ የእንግሊዝኛ አባባል ነው። ድልድዩ እንጨት ከሆነ ምስሉ ያስኬዳል። አጎቴ ግን ድልድይ ሲባል በዓይነ ኅሊናቸው የሚቆመው ሌላ ነው፤ ከሞጣ ወደ ዐባይ ሸለቆ የወረደ ሰው የሚያገኘው ሰባራ ድልድይ። በ17ኛው መቶ ዘመን በጎንደር ነገሥታት ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ጎጃምን ከበጌምድር ሲያገናኝ ኖሮ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወገቡ ላይ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተሻጋሪው በገመድ ይታሰርና ከወዲህና ከወዲያ ማዶ የቆሙ ጉልበተኞች እየጎተቱ ያሻግሩት ነበር። ይህንኑ የሚያሳይ ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በ2001 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ያየ አንድ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ በዓመቱ መጥቶ ስብራቱን አስጠገነ። ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው፤ ኋላም ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ስሙ ግን ዛሬም ሰባራ ድልድይ ነው። ይህን ድልድይ በእሳት የሚያስፈራራ ጸሐፊ ሞጣ ላይ ቢሳቅበት አይግረመው።

ያን ቀን ከአፈርኩበት ጊዜ ጀምሮ ፈሊጥ የሚለውን ቃል እንደ ሌላ ቃል አላየውም። ቃሉ ራሱ የመጥረቢያ ልጅ ነው። በግዕዝ ፈለጠ ማለት ለየ፣ ከፈለ ማለት ነው። በአማርኛ ወደ እንጨቱ ጠጋ ብሎ ሰነጠቀ ሆነ። ከሱ ፍልጥ ወጣ፤ እንደ ልቡ የሚያዝዘው ገዥ ፈላጭ ቆራጭ ተባለ፤ የታመመውም «ራሴን ፈለጠኝ» አለ። (እንግሊዞችም ብርቱ የራስ ምታትን የሚፈልጥ ይሉታል። ከማንም አልተበደርንም፣ ማንም አልተበደረንም፤ ሁለታችንም ራስም አለን፣ መጥረቢያም አለን።) ፈሊጥ ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ጉልበትን ትቶ ብልሃትን በመያዙ ነው። የወይራ ጉማጅ ለመፍለጥ የሞከረ ሰው ያውቀዋል። እንጨቱ በየት በኩል እንደሚከፈት ዐይተው፣ ጉጡን ሸሽተው፣ ሽብልቁን በቦታው ካልከተቱ በቀር መጥረቢያው ተመልሶ ወደ ሰው ይመጣል። ያ ማወቅ ነው ፈሊጥ። «ፈሊጡ ገባው» ስንል የእጅ ሥራም የንግግርም ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

እንግሊዝኛው ኢዲየም ደግሞ ሥሩ ግሪክ ነው፤ ኢዲዮስ፣ የራስ፣ የግል ከሚለው ቃል የመጣ። ከዚያው ሥር ኢዲዮት የሚለው ስድብም ወጥቷል፤ በመጀመሪያ ከአደባባይ ጉዳይ ርቆ በግሉ የሚኖር ሰው ማለት ነበር። እነሱ የራስነቱን አይተው ሰየሙት፣ እኛ አከፋፈቱን።

አከፋፈቱን የሚያስተምረው የቅኔ ትምህርት ቤት ደግሞ ከጎጃሟ ቢቸና ሩቅ አይደለም። ቢቸና ዋና ከተማዋ በሆነችው በእነማይ ወረዳ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ በአጎራባቹ ደብረ ወርቅ አለ፤ አለፍ ሲሉ መርጡለ ማርያም። ጎጃም የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ናት፤ ሦስተኛው የቅኔ ቤት ዋድላ ግን ወሎ ነው። የቅኔ ተማሪው የሚቀጽላቸው ስሞች ራሳቸው ሥርወ ቃል ያስተምራሉ። ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ነው፤ በአንድ ርምጃ የማይወጣ። ቅኔ ቀነየ፣ ገዛ፣ አስገዛ ከሚለው የወጣ ነው፤ መገዛት፣ ማገልገል። የሚገርመው ይህ የመገዛት ጥበብ በቃል ሲደረስ «ተቀኘ» ብቻ ሳይሆን «ዘረፈ» መባሉ ነው። ተማሪው ተገዝቶ ይማራል፣ ዘርፎ ይወጣል። የኔታ የሚባሉትም መምህር ስማቸው «የእኔ ጌታ» ተጨምቆ ነው።

ሁሉም የሚያውቀው ሰምና ወርቅ የአንጥረኛ ቃል ነው፤ በሰም የተቀረጸው ቀልጦ ይፈስስና ወርቁ በቦታው ይገባል። እኔ ግን ሌላውን እወዳለሁ፤ ውስጠ ወይራን። ወይራ ከላዩ ሌላ፣ ሲፈለጥ ልቡ ሌላ ነው። ቅኔው ላዩን አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፤ ሁለተኛው ፍቺ በቃሉ ላይ ሳይሆን በነገሩ ልብ ውስጥ ተሸሽጓል። እንግዲህ ፈሊጥ መጥረቢያው፣ ውስጠ ወይራ ግንዱ ነው ብል የዲማ ሊቃውንት ይቅር ይሉኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዘይቤ የሚለውም እንዲሁ ይገርመኛል። «ዘ» እና «ይቤ»፣ «ያለው» ማለት ነው። በአንድምታ ትርጓሜ ዘይቤው ላይ ላዩን ያለው ቃል ሲሆን ምሥጢሩ ከሱ ተለይቶ ይፈለጋል። የዘመናዊው ትምህርት ቤት መጽሐፍ ግን ዘይቤ የሚለው ላይ ላዩን ያልሆነውን፣ ተለዋጩን፣ ያጌጠውን አነጋገር ነው። ቃሉ ቤቱን ገልብጦ ገባበት።

ይህን ሁሉ የማነሣው የፈረንጅ ፈሊጥ ለምን አንዳንዱ እንደሚበቅል፣ አንዳንዱ ለምን እንደሚደርቅ ለማየት ነው። ተማሪ ሳለን የእንግሊዝኛ ፈሊጥ በዝርዝር እየተጻፈ ይሰጠን ነበር፤ በግራ ፈሊጡ፣ በቀኝ ፍቺው። ድመትና ውሻ ዘነበ፤ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ። ባልዲውን ረገጠ፤ ሞተ። ለፈተና ጥሩ ነው። መከራው የሚመጣው ያ ልጅ አድጎ ጸሐፊ ሲሆንና ዝርዝሩን ይዞ ወደ አማርኛ ሲገባ ነው። ሞትን ለመናገር አረፈ፣ ዐለፈ፣ ክንዱን ተንተራሰ የሚል ቋንቋ ባልዲ ምን ያደርግለታል? ክንዱን ተንተራሰ የሚለውን ቆም ብለው ይዩት። ሰውየው ተኝቷል፣ ትራስ የለውም፣ የቀረው የገዛ ክንዱ ነው። መቃብሩ ሳይጠራ ተጠራ።

በረዶን እንውሰድ። ጋዜጦቻችን ከትልቅ ነገር ትንሹ ብቻ ታየ ለማለት «የበረዶ ግግር ጫፍ» ይላሉ። በውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ላየ መርከበኛ ይህ አስፈሪ ምስል ነው፤ አብዛኛው አካሉ ከውኃ በታች ነው። የጮቄ ተራራ ግርጌ ገበሬ ግን በረዶ ሲባል ቀና ብሎ ወደ ሰማይ ነው የሚያየው። በረዶ ይወርዳል፣ ያጠናፈፈ ጤፍ ይመታል፣ በአንድ ከሰዓት የዓመት ልፋት ይወስዳል። ጫፍ የለውም። ይልቅ «ከባሕር በጭልፋ» የሚለው አባባል ያንኑ ትልቅና ትንሽ በአንድ ወጥ መጭለፊያ ያሳያል። አስፈሪነቱ ይጎድለዋል፤ እሱን አልክድም። የበረዶው ግግር መርከብ ይሰብራል፣ ጭልፋ ማንንም አይሰብርም። አንዳንድ ጊዜ ጸሐፊ የሚፈልገው መስበሩን ከሆነ የራሱን ምስል ይፈልግ።

ምስሉ አንድ ሆኖ የሚገናኝበትም አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ምሥጢር ያወጣውን ሰው ባቄላውን አፈሰሰ ይለዋል። ቃል በቃል ቢተረጎም ቢቸና ገበያ ላይ የሚያስከትለውን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ባቄላን በተመለከተ ያለን ተረት ሌላ ነገር ነው። ግን እኛም ምሥጢሩን ዘከዘከው እንላለን። ዘከዘከ ማለት በመጀመሪያ ከጆንያ፣ ከአቁማዳ እህሉን ማፍሰስ ነው። ስፌቱ ከተፈታ መግቻ የለውም። እኛ እህሉ ምን እንደሆነ አልተናገርንም፤ ጤፍም ይሁን ባቄላ መሬት ላይ ነው። ተቃራኒውም አብሮ መጥቷል፤ ምሥጢር ይቋጠራል። ስንቅ እንደሚቋጠር፣ የእናቶች ሳንቲም በነጠላ ጫፍ እንደሚቋጠር። ቂምም ይቋጠራል፣ ዝናብ ያዘለ ደመናም ይቋጠራል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዞ ባቄላ መበደር ምን ይሉታል?

ጥርስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያስደስተኛል። አንድ ሰው ከልጅነቱ የሠራበትን ሙያ እንግሊዞች ጥርሱን ያወጣበት ይሉታል፤ ሕፃን ድዱን ሰብሮ ጥርስ ሲያበቅል ማለታቸው ነው። እኛ ጥርሱን የነቀለበት እንላለን። የነሱ ሠራተኛ የመጀመሪያ ጥርሱ ሲወጣ እዚያ ነበር፤ የኛው ያንኑ ጥርስ ሲነቅል። የኛ ሰው ሥራ የጀመረው በሰባት ዓመቱ ገደማ ነው ማለት ነው፤ ጥጃ ለማገድ የሚበቃበት ዕድሜ። አንድ ድድ፣ ሁለት ቋንቋ። ተርጓሚው ግን ሳያስተውል «ጥርሱን አበቀለበት» ቢል አንባቢው ሕፃኑን ፍለጋ ይሄዳል።

ከዚህ የከፋው ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ተቃራኒ ሲሆን ነው። ቃል የበላ ሰው በአማርኛ ቃሉን ያጠፈ፣ የካደ ነው። በእንግሊዝኛ ቃሉን የበላ ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ የተናገረውን የመለሰ ነው። አንዱ ሊከሰስ ይገባዋል፣ ሌላው ሊመሰገን። የፖለቲካ ልቦለድ የምትተረጉሙ ጓደኞቼ እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ፈሊጦች ግን ከዚህ ሕግ ውጭ የቆሙ ይመስላሉ፤ ከአንድ ምንጭ ስለተቀዱ በሁለቱም ቋንቋ አገር አላቸው። የምድር ጨው፣ የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ። ተኩላው ግን ጎጃም ሲገባ ትንሽ ይቸገራል። ለምድ ለኛ በተውሶ የመጣ ልብስ አይደለም፤ ጀግና የሚደርበው ነው። ከበግ ቆዳ የሚሠራው ደበሎ ደግሞ የማን ልብስ እንደነበር ማን ያጣዋል? የቆሎ ተማሪው። ከሞጣም ከዲማም አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጃፉ የሚቆመው፣ በግ ለብሶ የሚራበው እሱ ነበር። ውሾቹም አልተሳሳቱም ልበል? ከሩቅ ሲያዩት ተኩላውን እንዳገኙ ሁሉ ይነሡበት ነበር። የወንጌሉን ምሳሌ ሰምቶ የኔታ ፊት ፈገግ ያለ ደበሎ ለባሽ ሳይኖር አይቀርም።

የነብሩ ነገር ግን ቀልድ የለበትም። እንግሊዝኛ የሚናገር ሁሉ ነብር ነጥቡን አይለውጥም ይላል፤ ክፉ ሰው ክፉ ሆኖ ይቀራል ለማለት። ሥሩ ትንቢተ ኤርምያስ 13፥23 ነው። ነቢዩ እዚያ ላይ መጀመሪያ የጠራው ነብሩን አይደለም፤ ኢትዮጵያዊውን ነው። ክፋት የለመደ ሕዝብ በጎ ማድረግ የሚችለው ኢትዮጵያዊው መልኩን፣ ነብሩም ዝንጉርጉርነቱን መለወጥ ከቻሉ ነው የሚል ተግሣጽ ነበር። እንግሊዞች በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፍ ቅዱሳቸው ሁለቱንም ጽፈዋል፤ ከአፋቸው ሲገባ ግን ኢትዮጵያዊው መንገድ ላይ ቀረና ነብሩ ብቻውን ሎንዶን ደረሰ። እኛ ሁለቱንም ያዝን። የያዝነውም ተግሣጹን አስወግደን ነው። «ኢትዮጵያዊ መልኩን፣ ነብር ዝንጉርጉርነቱን» ብሎ የሚናገር ሰው የሚኮራ ሰው ነው፤ አልለወጥም፣ አልሸጥም ማለቱ ነው። ነቢዩ የማይቻልን ነገር ለማሳየት የተጠቀመበት ምስል እዚህ መሐላ ሆነ። ተመሳሳይ ቃል፣ ተመሳሳይ ምዕራፍ፣ ግን ፍልጡ በሌላ በኩል ተከፍቷል። ዝንጉርጉሩን ነብር ከእንግሊዝኛ መልሶ ወደ አማርኛ የሚያስገባ ተርጓሚ ኢትዮጵያዊውን ትቶ ከመጣ፣ ከቤቱ የወጣውን ሰው በሩ ላይ አስቀርቶ ውሻውን ብቻ እንዳስገባ ነው።

እንደ «ዓይነ ኅሊና» ያለው ደግሞ ማንም ሳያስበው ተገጣጥሟል። ሐምሌት አባቱን አየሁ ያለው በኅሊናው ዓይን ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ያን ተውኔት ወደ አማርኛ ሲመልስ ለዚህ ፈሊጥ ፍለጋ መውጣት አያስፈልገውም ነበር፤ ዓይነ ልቡና ከግዕዙ ጸሎት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

በሌላው አቅጣጫ የሄዱም አሉ፤ አማርኛን በእንግሊዝኛ ያስነገሩ። የጎጃሙ አቤ ጉበኛ የአብነት ትምህርት የተማረ ሰው ነበር፤ «አልወለድም»ን ጻፈ፣ በእንግሊዝኛም ጻፈ። «አደፍርስ»ን የጻፈው ዳኛቸው ወርቁ እ.ኤ.አ. በ1973 «ዘ ሰርቲንዝ ሰን»ን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ይኸው ዳኛቸው ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር ሆኖ «የአማርኛ ፈሊጦች» የሚለውን መዝገብ ማዘጋጀቱ ለኔ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። በሰው ቋንቋ ልቦለድ የጻፈ ሰው የገዛ ቤቱን ዕቃ መቁጠር ያምረዋል። መደርደሪያዬ ላይ ያለው የዚያ መጽሐፍ ቅጂ ጀርባው ተገንጥሏል፤ ወጣት ጸሐፊ በመጣብኝ ቁጥር ስለማውሰው ነው።

ከሁሉም በላይ የምመለሰው ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ ነው። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ የተማሩት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሎንዶን አምባሳደር ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን በእንግሊዝኛ ሥር የበቀለ ዐረፍተ ነገር አንባቢ ፈልጎ የሚያጣበት መጽሐፍ ነው። ታሪኩ ከማንኩሳ ይነሣል፣ ዲማ ላይ ይከብዳል። ዲማ ላይ አገሬው እብድ ያደረገው ሰው ጉዱ ካሣ ይባላል። ጉድ የሚለውን ቃል እስቲ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጥሩት። ድንቅ ነው፣ ነውርም ነው፣ መዓትም ነው፣ «ጉድ ፈላ» ሲባል ወሬም ነው። ሁሉንም በአንድ ሰው ራስ ላይ ጭነውታል። መጽሐፉ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ርእሱ ላይ መቃብር የሚለው ቃል ክሪፕት ሆነ። ክሪፕት ሥሩ ግሪክ ነው፤ የተሸሸገ ማለት ሲሆን፣ በቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ያለ ዋሻ ነው። መቃብር ከቀበረ የመጣ፣ የአፈር ነው፤ ሰዎች ቆመው፣ አልቅሰው፣ በአካፋ የሚመልሱት። የርእሱ ፍቅር የሚያልቀው በአፈሩ ነው፣ በዋሻው አይደለም። ተርጓሚውን ለመውቀስ አይደለም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ስንት ሌሊት ባደርኩበት።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት። ከሷ ቀጥሎ ጎንቻ ሲሶ እነሴ አለ። ሁለት እጅ ከሦስት ሁለቱ ነው፣ ሲሶ ከሦስት አንዱ። ሁለቱን ወረዳዎች ቢደምሩ እነሴ ሙሉ ይሆናል። እጅ ድርሻ ሆኖ፣ ድርሻ አገር ሆኖ ቀረ። ከደብረ ወርቅ በኩል ያለው ወረዳ ደግሞ እናርጅ እናውጋ ይባላል። የሁለት ጥንታዊ ወረዳዎች ስም ነው። ለአዲስ ጆሮ ግን ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የተስማሙበት ዕቅድ ይመስላል። የካርታው ስም ራሱ ፈሊጥ በሆነበት አገር ከሌላ መበደር ስንፍና ነው ብዬ ለመናገር ዳድቶኝ ነበር። ግን እኔም ከፈረንጅ የተወረሰውን «ሚና ተጫወተ» እላለሁ፣ ያውም ጨዋታ በኛ ቤት ወግ መሆኑን እያወቅሁ። ይህኛው በቅሏል፤ ነቅሎ የሚጨርሰው የለም።

ያን የፋሲካ ማታ አጎቴን «ታዲያ ምን ልበል?» አልኳቸው።

ብዙ አላሰቡም። «ገመዱን ሳይመልስ ሄደ በል» አሉኝ።

ሰባራ ድልድይ ላይ አንዱ ሲሻገር ገመዱ መልሶ ካልተጣለ ከወዲህ ማዶ የቀረው ሰው መሻገሪያ አያገኝም ነበር፤ ተሻጋሪውም መመለሻ አያገኝም ነበር። ጽሑፉን እንዳሉት አርሜ ወደ አዲስ አበባ ላክሁት። አርታዒው በቀይ አስምሮ ከጎኑ ጻፈበት፦ «የማን ገመድ ነው? ተውሶ ነበር?» ሁለተኛው ገጽ ላይ ዐባይን በገመድ የሚሻገር ሰው ጨመርኩና መልሼ ላክሁለት።